መስኮት በሌላት ክፍል ሦስት ሌሊት

ልጄ "እማዬ፣ በመርከብ ልንዝናና ነው፤ ትኬቱን ቆርጫለሁ" ስትለኝ ቀድሞ የመጣልኝ ነገር ባሕሩ አልነበረም። "በፍልሰታ? ምን ልበላ ነው?" አልኳት። ሳቀች። "እዚያ ምግብ ሞልቶ ተርፎ ነው የሚጣለው" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ነገር ግን ተርፎ የሚጣለው ምግብና ጾመኛ የሚበላው ምግብ የተለያዩ መሆናቸው መርከቡ ላይ የመጀመሪያው ማታ ገባኝ።

ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ወደ ቨርጂኒያ የሄድኩት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የዘጠኝ ዓመቱን የልጅ ልጄን ለመጠበቅ ነበር። ልጄ ነርስ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራው ሌሊት ነው። እሷ ስትገባ እኛ እንነሣለን፤ እኛ ስንተኛ እሷ ትወጣለች። ሐምሌ ሙሉ ሦስታችን አንድ ማዕድ ላይ የተቀመጥንባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ያን ጊዜም ቢሆን ስልኳ ከሳህኗ አጠገብ ነው።

በመሃላችን ያልተነገረ ነገርም ነበር። ልጄ ዜግነት ስላገኘች ለእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ትችላለች። ቅጹን አትማ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠችው ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። እኔ ጠረጴዛውን ስወለውል አነሣዋለሁ፣ መልሼም እዚያው አኖረዋለሁ። እሷም አትጠይቀኝም፣ እኔም አልናገርም። እንዲህ እያለን ነው ወደ መርከቡ የሄድነው።

ጉዞው አጭር ነበር፤ ዓርብ ከማያሚ ተነሥቶ ቅዳሜ ናሳው፣ እሑድ የመርከብ ኩባንያው የራሱ የሆነች አንዲት ትንሽ ደሴት፣ ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ማያሚ። ሦስት ሌሊት። ለሦስታችን 1,100 ዶላር ገደማ ከፈለች። በዚህ ላይ ለሠራተኞች ጉርሻ ተብሎ በሰው በየቀኑ 16 ዶላር ገደማ ይታሰባል። አዲስ የሆነ ሰው ትኬቱን ሲያይ ሁሉንም የከፈለ ይመስለዋል፤ ጉርሻው፣ ለስላሳው፣ ኢንተርኔቱ፣ ጥሩው ቡና፣ ሁሉም ኋላ የሚመጣ ሒሳብ ነው።

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ አሜሪካ ለሚሄዱ ወላጆች አንድ ነገር ላስታውስ። መርከቡ ከማያሚ ተነሥቶ ወደ ማያሚ የሚመለስ ቢሆንም ባሃማስ ሌላ አገር ናት። ስለዚህ ከአሜሪካ ወጥቶ እንደገና እንደ መግባት ነው የሚቆጠረው። ቪዛዎ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። ባሃማስም የራሷ ሕግ አላት። የእኔ ቪዛ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ልጄ ሁለት ጊዜ ደውላ ነው ያጣራችው። በተረፈ ከመርከቡ መነሻ አንድ ቀን ቀድመን ነው ማያሚ የገባነው። ነሐሴ በዚያ አካባቢ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ አውሮፕላን ቢዘገይ መርከብ ቆሞ አይጠብቅም።

መርከብ ለእኔ ጭራሽ አዲስ ነገር አይደለም ብል ማጋነን ይሆናል እንጂ ውሸት አይሆንም። ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በጣና ላይ ተጉዣለሁ። ጀልባው ቁንዝላ አድሮ በማግስቱ ነበር ጎርጎራ የሚገባው። መኝታ የለ፣ አስተናጋጅ የለ፤ ዳቦ ቆሎና በሶ ይዘን ከጆንያ ጋር ተደግፈን ነበር የሄድነው። ማያሚ ወደብ ላይ የቆመውን መርከብ ሳይ ግን ሕንጻ እንጂ የሚንቀሳቀስ ነገር አልመሰለኝም። የልጅ ልጄ ፎቁን እየቆጠረ "እማማ፣ ዐሥራ ሦስት!" ሲለኝ እኔ የማስበው ሊፍቱ የት ይሆን እያልኩ ነበር።

ክፍላችን ውስጥ ስንገባ ሦስታችንም በሩ ላይ ቆምን፤ ወደ ውስጥ ለማለፍ አንዱ ሌላውን መጠበቅ ነበረበት። 15 ካሬ ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ያውም ከነመታጠቢያዋ። ሁለት አልጋዎች ተጠጋግተው አንድ ሰፊ አልጋ ሆነዋል፤ ሦስተኛው ጣሪያው ላይ ታጥፎ ማታ ማታ የክፍል አስተናጋጁ የሚያወርደው ነው። መሰላል አለው። የልጅ ልጄ እሱን ሲያይ የዓለም ደስታ ሆነለት። መስኮት የለም። መስኮት መሳይ መጋረጃ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ገለጥ ሳደርገው ብረት ነው።

ነገር ግን ክፍሏን ልሳደብ አልፈልግም። ያሠራት ሰው አስቦበታል። ከአልጋው ሥር ሦስቱም ሻንጣዎች ገቡ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ መደርደሪያ ሞልቷል። ግድግዳው ብረት ስለሆነ ማግኔት ያለው መስቀያ ይይዛል፤ ልጄ ከቤት አምጥታ ነበርና ነጠላዬን፣ የልጁን ኮፍያና እርጥብ ልብስ ሁሉ ግድግዳው ላይ ሰቀልን። አልጋው ንጹሕ ነው፤ አንሶላውም የተተኮሰ። በዕድሜ ለገፋ ሰው የሚያስቸግረው መታጠቢያው ነው። ደፉ ከወለሉ ከፍ ይላል፤ ሌሊት በእንቅልፍ ልብ የተነሣ ሰው እግሩን ይመታዋል። እኔ ተመትቻለሁ። የገላ መታጠቢያው ጥበት ደግሞ ዞር ሲሉ መጋረጃው ሰውነት ላይ ይጠመጠማል። የሽንት ቤቱ ውኃ የሚሄደው በአየር መሳብ ስለሆነ ሲለቁት እንደ ነጎድጓድ ይጮኻል። የመጀመሪያ ጊዜ ደንግጬ "ኸረ በስመ አብ!" ብዬ ወጣሁ፤ ሁለቱም በሳቅ ሞቱ።

መስኮት የሌለበት ክፍል ጨለማው የጉድጓድ ጨለማ ነው። መብራት ሲጠፋ እጅዎን ፊትዎ ላይ ቢያመጡት አያዩትም። መፍትሔውን ያገኘው ልጁ ነው። በቴሌቪዥኑ ከመርከቡ ፊት ለፊት የተገጠመ ካሜራ የሚያሳየውን የሚያስተላልፍ ጣቢያ አለ። ድምፁን ዘግተን እሱን ከፍተን አደርን። ሌሊት ጥቁር ነው፤ አልፎ አልፎ የሌላ መርከብ መብራት ይታያል። ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ክፍሉ ቀስ እያለ ወለል ይላል። መስኮታችን እሱ ሆነ።

የክፍሏ እውነተኛ ጉድለት ጥበቷም መስኮት ማጣቷም ሳይሆን የተቀመጠችበት ቦታ ነው። ልጄ የገዛችው ርካሹን ትኬት ነበር፤ የክፍሉን ዓይነት ገዢው ይመርጣል፣ የትኛው ክፍል እንደሚደርሰው የሚወስነው ኩባንያው ነው። የደረሰችን ከመርከቡ ወደ ኋላ፣ ከፍ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ከቡፌው አዳራሽ ልክ ሥር ነበረች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከላያችን ወንበር መጎተት ተጀመረ። ከዚያ የጋሪ ጎማ። ከዚያ እንደገና ወንበር። ጠዋት ልጄ ወደ እንግዶች መቀበያ ወርዳ አመለከተች፤ መርከቡ ሙሉ ነው፣ የሚቀየር ክፍል የለም ተባለች። ማካካሻ ብለው አንድ ጠርሙስ ወይንና ሦስት ጥንድ የጆሮ መድፈኛ ላኩልን። ለጾመኛ አሮጊት፣ ለተረኛ ነርስና ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ወይን! ቁጭ ብለን ሳቅን እንጂ ምን እናደርጋለን።

አንባቢዬ ይህን ያህል ስለ ቦታ የምጨነቀው ለምን እንደሆነ ይረዳልኝ። መርከብ በማዕበል ላይ እንደ ሚዛን ነው፤ ጫፎቹ ይነሣሉ፣ ይወርዳሉ፣ መሃሉ ብዙም አይነቃነቅም። ከማያሚ እንደወጡ ገልፍ ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ የባሕር ጅረት አለ፤ ነፋስ ሲያገኘው መርከቡን ያወዛውዛል። እኛ ጫፍ ላይ ስለነበርን በደንብ ተሰማን። ስለዚህ አባትና እናቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ጥቂት ጨምሮ ክፍሉን ራሱ ይምረጥ፤ መሃል አካባቢ ይሁን፣ ዝቅ ይበል፣ ከላዩም ከሥሩም ሌላ የመኝታ ክፍል እንጂ አዳራሽ ወይም ጭፈራ ቤት አይሁን። የመርከቡን ፕላን ትኬቱ ሲቆረጥ ማየት ይቻላል። ከሊፍቱም ብዙ የማይርቅ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የእኛ ኮሪደር ጉልበቴን የጨረሰ ርዝመት ነበረው። ለማቅለሽለሽ እኔ የበላሁት ዝንጅብልና ደረቅ ብስኩት ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው የማቅለሽለሽ ክኒን ከመዋጡ በፊት ሐኪሙን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ምግቡ።

መርከቡ ላይ በነፃ የሚበላባቸው ሁለት ዋና ቦታዎች አሉ። አንዱ ላይኛው ፎቅ ያለው ቡፌ ነው፤ ሌላው ታች ያለው ትልቁ የመመገቢያ አዳራሽ፣ ጠረጴዛ ተመድቦልዎት አስተናጋጅ የሚያቀርብበት። ተጨማሪ የሚከፈልባቸው ሬስቶራንቶችም አሉ፤ አልገባንም። ቡፌውን አልወደድኩትም። ምግቡ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ሰዉ ነው። አንዱ ሳህኑን ተራራ አድርጎ ይወስዳል፣ ግማሹን ትቶ ይነሣል። ሙሉ ዶሮ ሳይነካ ከነሳህኑ ሲነሣ እያየሁ ዝም ማለት ከብዶኝ ነበር። ልጄ "እማዬ፣ እዚህ ማንንም አትቆጪም" አለችኝ። መምህርነት መቼ ይለቃል።

ቡፌው መግቢያ ላይ እጅ መታጠቢያ አለ፤ አንዲት ሠራተኛም ቆማ ሁሉንም ታስታጥባለች። ልጄ በሙያዋ ይህን አጥብቃ ነው የምትናገረው። በመርከብ ላይ ሆድ የሚያስይዘው ኖሮቫይረስ በእጅ ማጽጃ አልኮል በደንብ አይሞትም፤ የሚያስለቅቀው ሳሙናና ውኃ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ወደ አገሪቱ ወደቦች የሚገቡትን የመንገደኛ መርከቦች በድንገት እየፈተሸ ከ100 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ 85 እና ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል ማለት ነው። ውጤቱ ለሕዝብ ክፍት ነው። ልጄ ትኬት ከመግዛቷ በፊት ያየችው ዋጋውንና ይህንን ነጥብ ብቻ ነበር፤ የክፍሉን ቦታ ረሳች እንጂ።

የመጀመሪያው እራት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የምናገረው። ሁለት ዙር አለ፤ ሁለተኛው ማታ 2 ሰዓት ነው። ሕፃንና ሽማግሌ ያለው ቤተሰብ የመጀመሪያውን ቢይዝ ነው የሚሻለው። አዳራሹ ያማረ ነው፤ ነጭ ጨርቅ፣ ብዙ ሹካ፣ ብዙ ብርጭቆ። አስተናጋጃችን ኢንዶኔዥያዊ ነው፤ ሦስቱንም ማታ የሚያስተናግደን እሱ ነበር። ልጄ "እናቴ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዓሣም አትበላም" ብላ ነገረችው። አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ያመጣልኝ በውኃ የተቀቀለ ካሮት፣ ብሮኮሊና ድንች ነው። ጨው እንኳ አልነካውም። የሐኪም ቤት ምግብ ነው የመሰለኝ። ዳቦው ላይ እጄን ስዘረጋ ልጄ ያዘችኝ፤ አብረቅራቂ ነበር፣ ቅቤ ተቀብቷል። ልጁ ከጎኔ ፓስታውን ጨርሶ ሁለተኛ አይስክሬም ያዝዛል። እኔ ካሮቴን እየበላሁ "ጣና ላይ በሶ ይሻል ነበር" አልኩ በልቤ።

ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር። ወጥ ቤቱ በሺህ ለሚቆጠር ሰው ነው የሚያበስለው፤ ልዩ ምግብ የሚፈልግ ሰው ትኬቱን ሲገዛ አስቀድሞ ማስመዝገብ አለበት። "ቬጀቴሪያን" ብቻ ማለትም አይበቃም፤ እሱ ቅቤም አይብም እንቁላልም ሊኖርበት ይችላል። የእኛን የጾም ምግብ የሚገልጸው "ቪጋን" የሚለው ቃል ነው። ያን ማታ የአስተናጋጆቹ አለቃ የነገውን የምግብ ዝርዝር ይዞ መጣና አብሮን አየው። "የሕንድ ምግብ ትወጃለሽ?" አለኝ። ከወጥ ቤቱ ሠራተኞች ሕንዶች ብዙ ናቸው፤ ቀድሞ ከተነገራቸው የምስር፣ የሽምብራና የአበባ ጎመን ወጥ በዘይት ይሠራሉ። በውስጤ "ይህን ዛሬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት" ብዬ፣ በአፌ አመሰገንኩት።

ቅዳሜ ናሳው ወረድን። ብዙ አልጽፍም፤ ሙቀቱ ብርቱ ነበር፣ የቆየነውም ለአራት ሰዓት ብቻ ነው። የንግሥቲቱ ደረጃ የሚሉትን ግን አየን። በ1790ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሮች ከኖራ ድንጋይ ጠርበው ያወጡት ረጅም ደረጃ ነው፤ ስሙ በኋላ ለንግሥት ቪክቶሪያ ተሰጠ። ዛሬ 65 ደረጃ ይቆጠራል። ጉልበት የሚያመው ሰው በታክሲ ላይኛው ምሽግ ድረስ ሄዶ ቁልቁል ቢወርደው ይቀለዋል፤ እኛም እንደዚያ አደረግን። የልጅ ልጄ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ "በምን ጠረቡት?" ብሎ ጠየቀኝ። በመዶሻና በመሮ ይሆናል አልኩት። ስለ ላሊበላ ነገርኩት፤ ፎቶ አሳይቼው አላውቅም ነበር። በገበያው አንዲት ሴት ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ዘንቢል ሸጠችልኝ፤ ሽመናው የእኛን አገር ሴቶች እጅ ነው የሚመስለው።

ማታ ምስሩ መጣ። ከሩዝ ጋር፣ ከሽምብራው ጋር፣ በዘይት ከተነከረ ቂጣ ጋር። ሽታው ራሱ ሆዴን አባባው። አንድ ነገር ግን ጎደለው። ከቤት የተሠራ ምግብ ወደ መርከብ ማስገባት ስለማይፈቀድ ድርቆሼን ቨርጂኒያ ትቼ ነው የመጣሁት፤ ነገር ግን የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ በትንሽ ብልቃጥ ሚጥሚጣ ነበረች። ወደቡ ላይ ፈታሹ ከፍቶ አሽትቶ፣ አስነጥሶት መልሶልኛል። አወጣኋትና ምስሩ ላይ ነሰነስኩ። አስተናጋጃችን አየኝ። "ምንድን ነው?" አለ። ልጄ ነገረችው። ትንሽ በሹካ ጫፍ ቢቀምስ ዓይኑ በራ። በአገሩ ያለ በርበሬ ምግብ ምግብ አይደለምና ስድስት ወር ሙሉ እንደ እናቱ ቤት የሚያቃጥል ነገር አልቀመስኩም አለን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠረጴዛችን ሌላ ሆነ። ስለ ልጁ ነገረን፤ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችው፣ ኮንትራቱ እስኪያልቅ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል። ልጄ ይህን ሲናገር ሳህኗን እያየች ነበር።

ያን ማታ እራቱ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ምግቡ በየተራ ነው የሚመጣው፤ መሃል ላይ መጠበቅ አለ። ኢንተርኔት ስላልገዛን ስልኮቹ ክፍል ውስጥ ቀርተዋል። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ያስፈራ ነበር። ከዚያ ልጁ "እማማ፣ እናቴ ልጅ ሆና ምን ታጠፋ ነበር?" አለኝ፤ በተሰባበረ አማርኛው። ነገርኩት። ከጎረቤት ማንጎ ስትሰርቅ ከዛፍ ወድቃ ክንዷን የሰበረችውን ነገርኩት። ልጄ "እማዬ! ሰርቄ አይደለም!" እያለች ስትከራከር፣ ልጁ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ከአገር ከወጣች ወዲህ እንዲህ እራት ላይ ተቀምጣ ስትከራከረኝ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልመጣም። መርከቡ ይወዛወዛል። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ባሕር ያሳያል። ልጁ ከላያችን ተኝቶ ያንኮራፋል። ቤት ቢሆን እኔ በክፍሌ፣ እሷ በክፍሏ ነበርን፤ እዚህ ግን ክንዷ ክንዴን ይነካል፣ ሸሽቶ የሚኬድበት የለም።

"እማዬ፣ ተኝተሻል?"

"አልተኛሁም።"

"ቅጹን አየሽው?"

"በየቀኑ አየዋለሁ።"

ዝም አለች። ከዚያ በዝግታ ነገረችኝ። የሌሊት ሥራ ውላ ስትገባ ልጁ ብቻውን ቁርሱን በልቶ ሲጠብቃት የሚሰማትን። እኔ እዚያ ስሆን ቤቱ ምን እንደሚመስል። እኔም በጨለማው ውስጥ ነገርኳት። እህቴ ብቻዋን ናት፣ ጉልበቷ አይሠራም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምጠይቃት እኔ ነኝ። የአባትሽ መቃብር አለ። ግቢው አለ። ደግሞም እዚያ ወጥቼ ስሄድ ሰው "እትዬ፣ እንደምን አደሩ" ይለኛል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ እኔ ማን ነኝ? አልቅሳ ይሁን አላውቅም፤ ጨለማ ነው። እጄን ያዘች። "ከተቀየምኩሽ የመሰለሽ እንደሆነ አልተቀየምኩም" አለችኝ። ብዙ ቆይተን ወንበር መጎተት ጀመረ፤ ያን ጊዜ ነው መንጋቱን ያወቅነው። ሁለታችንም ሳቃችን መጣ።

እሑድ እነሱ ወደ ደሴቷ ወረዱ። እኔ ቀረሁ፤ የመርከቡም ምርጥ ቀን እሱ ሆነልኝ። ሰዉ ሁሉ ሲወርድ መርከቡ የግል ይሆናል። ጥላ ሥር ያለ ወንበር እንደ ልብ ነው፤ ሊፍት አይጠበቅም፤ ቡፌውም ሰልፍ የለውም። ቁርስ የሚፈልግ ሰውም ከላይኛው ግርግር ይልቅ ታችኛው አዳራሽ ቢወርድ ተቀምጦ ይቀርብለታል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የጎደለኝ ቡና ብቻ ነበር። የነፃው ቡና ቡና አይባልም። በክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ማፍያ ክልክል ነው፣ እሳት ክልክል ነው፣ ዕጣን ማጨስማ አይታሰብም። መርከብ ላይ ቃጠሎ ከማዕበል ይልቅ የሚፈራ ነገር ነውና አልፈርድባቸውም። በገንዘቤ አንድ ኤስፕሬሶ ገዝቼ ባሕሩን እያየሁ ጠጣሁ። እስከዚያ ድረስ ባሕሩን አየሁት ለማለት አልችልም ነበር፤ ቀለሙ እንደ ጣና አይደለም፣ እንደ ብርጭቆ ያለ ሰማያዊ ነው።

የመጨረሻው እራት ላይ አስተናጋጃችን ሳልጠይቀው ምስሩን ሁለት ሳህን አድርጎ አመጣ፤ አንዱ ለልጄ ነበር። ቪጋን ኬክም ነበረ፤ ደረቅ ነው፣ ቢሆንም በላሁት። ከጉርሻው ሌላ የሚጥሚጣዋን ብልቃጥ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ እንደ እኛው።

ሰኞ ጠዋት መውረዱ ውክቢያ ነበር፤ ከነጋ በኋላ ክፍሉን ቶሎ ለቃችሁ ውጡ ይባላል፣ ኮሪደሩ በሻንጣ ይሞላል። የልጅ ልጄ የክፍል አስተናጋጁ ማታ ማታ ከፎጣ የሚሠራለትን ዝሆን ትቶ መውረድ አልፈለገም፤ ፎጣው የመርከቡ ነው ብለን አስፈታነው።

የበረራዬን ቀን አልቀየርኩም። ለእንቁጣጣሽ እቤቴ እገባለሁ። ቅጹ አሁንም አልተሞላም፤ ልጄ ግን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ መሳቢያ ውስጥ ከትታዋለች። ባለፈው ሳምንት የሥራ ተራዋን ተለዋውጣ እሑድን ነፃ አደረገች። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ስልኳን ሳሎን ትታ ተቀመጠች። ምስር ሠራሁ። ልጁ ደግሞ ፎጣ አጣጥፎ የእኔ አልጋ ላይ አንድ ነገር ሠርቶ አቆየኝ፤ ዝሆን ነው አለኝ። ጆሮ አለው፣ ኩምቢው ግን ገና ነው።